ዳዶው ወዴት ይዞራል?

አዲስ አበባ፣ ሰሚት ውስጥ ጎሚስታ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ወደ ፊጋ ቢያቀኑም ወደ ሲኤምሲ፣ ኮምፕሬሰሩ የሚያጓራና ደጁ ላይ አሮጌ ጎማ የተደረደረ ቤት አያጡም። ስለዚህ በቅርቡ መኪና የያዘ ሰው ጎማ መፍታትና ማሰርን የሌላ ሰው ሥራ አድርጎ ቢቆጥረው አይፈረድበትም። እኔ ግን ይህችን አንድ ነገር ራስዎ እንዲያውቋት አጥብቄ እፈልጋለሁ። የሞተርን ጠባይ አለማወቅ ቢበዛ መንገድ ላይ ያቆምዎታል፤ ጎማውን የያዘው ዳዶ ሲላላ ግን አደጋው ለእርስዎም በአጠገብዎ ለሚያልፈው እግረኛም ነው። ደግሞም እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ፣ በእጃችን ያሉት ቪትዞችና ኮሮላዎች ገና ብዙ ዓመት ያገለግሉናል። ዳዶዎቻቸውም ገና ብዙ ጊዜ ይፈታሉ፣ ይታሰራሉ።

መጀመሪያ ስሞቹን እንያዝ። ጎማው የተገጠመበት ክብ ብረት ቸርኬ ይባላል። ቸርኬው የሚደገፍበት፣ ከመኪናው ጋር የቀረውና በኩሽኔታ ላይ የሚዞረው ክፍል ሞዞ ነው። ከሞዞው ፊት አራት ወይም አምስት ብሎኖች ወጥተው ይታያሉ፤ ቸርኬው በቀዳዳዎቹ በኩል እነዚህ ላይ ይሰካል፤ ከላይ ደግሞ ዳዶ ይታሰርበታል። በብሎኑና በዳዶው ላይ የተቀረጸው ጠመዝማዛ መስመር ጥርስ ነው። ሁሉም መኪና ግን እንዲህ አይደለም። በድሮዎቹ ሰማያዊና ነጭ ላዳዎች፣ ዛሬ ደግሞ ከተማውን በሞሉት ኤሌክትሪክ ቮልስዋገኖች ላይ ከሞዞው የሚወጣ ብሎን የለም፤ ራሱ ብሎኑ ከውጭ ገብቶ ሞዞው ውስጥ ይታሰራል። አሠራሩ ቢለያይም የሚከተለው ማብራሪያ ለሁለቱም ይሠራል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንግባ፤ ዳዶው ምን ይሠራል? ብዙ ሰው ቸርኬው በብሎኖቹ ላይ የተንጠለጠለ፣ ዳዶውም እንዳይወጣ ከፊት የሚከለክለው ይመስለዋል። እንዲያ ቢሆን ኖሮ በእጅ የጠበቀ ዳዶ በበቃ ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑን ወደ ራሱ ይስበዋል፤ ብሎኑም ብረት ቢሆንም ይለጠጣል። የተለጠጠው ብሎን ወደ ነበረበት ለመመለስ ሲታገል ቸርኬውን ከሞዞው ጋር አጥብቆ ይጫነዋል። መኪናውን የሚሸከመው በሁለቱ ጠፍጣፋ ፊቶች መካከል የሚፈጠረው ይህ መጫንና ከእሱ የሚወለደው ፍትጊያ ነው።

ኃይሉን በቁጥር እንየው። ቶዮታ ለቪትዝና ለኮሮላ ጎማ ዳዶ ያስቀመጠው የማጥበቂያ መጠን 103 ኒውተን ሜትር ነው። ኒውተን ሜትር የማጠማዘዝ ኃይል መለኪያ ሲሆን፣ 103 ማለት 30 ሳንቲሜትር እጀታ ባለው መፍቻ ጫፍ ላይ 35 ኪሎ ያህል መጫን ማለት ነው። ይህ በ12 ሚሊሜትር ብሎን ላይ ሲያርፍ እያንዳንዱ ብሎን ቸርኬውን 4 ቶን በሚያህል ኃይል ይጫነዋል። በአራት ዳዶ የተያዘ ጎማ በ16 ቶን ገደማ ተይዟል ማለት ነው፤ ቪትዟ ራሷ ግን 1 ቶን ብቻ ናት። ይህ ሁሉ ትርፍ የተቀመጠው ፍሬን ሲያዝ፣ ጉድጓድ ሲገባና ኩርባ ሲታጠፍ ቸርኬው በሞዞው ላይ ቅንጣት ታህል እንዳይንሸራተት ነው።

ያን ሁሉ ኃይል ለመስጠት ብሎኑ የሚለጠጠው ስንት ነው? ከአንድ ሚሊሜትር አሥረኛ እጅ ያነሰ። አንድ የደብተር ወረቀት 0.1 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት አለው፤ የብሎኑ መለጠጥ የወረቀቱን ውፍረት እንኳ አይሞላም። እዚህ ላይ ትንሽ ይቆዩ፤ ስለ ጎማ ዳዶ የሚሰጠው ምክር ሁሉ ከዚህች ቁጥር ይፈልቃል። በክረምት፣ ውስጥ ለውስጥ ባለው የሰሚት መንገድ ላይ ጎማ ሲቀየር፣ በቸርኬውና በሞዞው መካከል ስስ ጭቃ ቢቀር ዳዶው መጀመሪያ ጠብቆ ይሰማዎታል። መኪናው ኮብልስቶኑ ላይ ጥቂት ሲንቀጠቀጥ ጭቃው ይደቅቃል፣ ይረግፋል። የረገፈው የወረቀት ውፍረት እንኳ ባይኖረው፣ የብሎኑን መለጠጥ በሙሉ ሊወስደው ይችላል። ዳዶው አንድ ዲግሪ ሳይዞር ላላ ማለት ነው። የዝገት ቅርፊት፣ ወፍራም ቀለም፣ በቀዳዳው አፍ የተሰበሰበ አቧራም ይህንኑ ያደርጋሉ። «አጥብቄው ነበር፣ እንዴት ላላ?» ለሚል ሰው ከሁሉ በፊት የምጠይቀው፣ ከማሰርዎ በፊት ፊቱን ጠረጉት ወይ የሚለውን ነው።

እንግዲህ ጎማ ሲፈቱ እንዲህ ያድርጉ። መኪናውን ደልዳላ ቦታ ያቁሙ፤ የእጅ ፍሬን ይያዙ፤ በሰያፍ ከሚፈቱት ጎማ ትይዩ ያለውን ታኮ ያድርጉበት። መኪናውን በክሪክ ከማንሳትዎ በፊት ዳዶዎቹን ግማሽ ዙር ብቻ ያላሉ፤ ጎማው መሬት ሲነካ መሬቱ ይይዝልዎታል፤ አየር ላይ ግን አብሮ ይዞራል፣ መኪናውም ከክሪኩ ሊወርድ ይችላል። ጎማው ከወጣ በኋላ ቸኩለው ስኮርታውን አይሰኩ። የሞዞውን ፊትና የቸርኬውን ጀርባ በሽቦ ብሩሽ ይፈትጉ፤ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ። የብሎኖቹን ጥርስ በጥፍርዎ ይዳብሱ፤ ጥርሱ የተበላ፣ የተጣመመ ወይም መሀሉ የቀጠነ ብሎን ካለ ከመጠን በላይ ተስቧልና ይቀየር።

ሲያስሩ እያንዳንዱ ዳዶ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ዙሮች በጣት ብቻ ይሂድ። በጣት የማይሄድ ዳዶ ወይ ጥርሱ ተጎድቷል፣ ወይ የዚያ ብሎን ዳዶ አይደለም። ይህ ሁለተኛው ከሚገምቱት በላይ ያጋጥማል። የቶዮታ ዳዶ 12 በ1.5 ነው፤ ይኸውም የብሎኑ ውፍረት 12 ሚሊሜትር፣ ከጥርስ ጥርስ ያለው ርቀት 1.5 ሚሊሜትር ነው። የሱዙኪው ደግሞ 12 በ1.25። ሁለቱ ዳዶዎች እጅዎ ላይ መንታ ይመስላሉ። ነገር ግን ከሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ ተቀላቅሎ የመጣ ዳዶ በሱዙኪ ዲዛየር ብሎን ላይ በአየር መፍቻ ቢገፋ፣ መፍቻው ያለ ርኅራኄ ያስገባዋል፤ ጥርሱንም ልጦ ይጨርሰዋል። የጣትን ያህል ሐቀኛ መሣሪያ የለም፤ የአየር መፍቻ ለማስጀመር ሲያገለግል ባየሁ ቁጥር የምቃወመው ለዚህ ነው።

በጣት ከገቡ በኋላ በተራ ዙሪያውን ሳይሆን እየተሻገሩ ያጥብቁ፤ አንዱን፣ ከዚያ ከፊቱ ትይዩ ያለውን። በተራ ቢሄዱ ቸርኬው በአንድ ጎን ቀድሞ ይቀመጥና ሌላው ጎን ይከፈታል። መኪናውን ካወረዱ በኋላ የመጨረሻውን ማጥበቅ ቶርክ ሬንች በሚባለው፣ መጠኑ ሲደርስ ቀጭ ብሎ በሚያሳውቀው መፍቻ ይጨርሱ። መሣሪያው ከሌለ የቅድሙን ስሌት ያስታውሱ፤ በ30 ሳንቲሜትር እጀታ 35 ኪሎ ይበቃል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው እጀታው ላይ በእግሩ ቢቆም የተፈለገውን እጥፍ ሰጠ ማለት ነው። ያ ብሎን ተለጥጦ ላይመለስ ይችላል፤ ዛሬ የጠበቀ ቢመስልም ነገ ይላላል ወይም ይቆረጣል። ከ50 እስከ 100 ኪሎሜትር ከነዱ በኋላ ደግሞ ፊቶቹ ሲደላደሉ የጠፋ መለጠጥ ካለ እንዲመለስ እንደገና ይፈትሹ።

ዘይት ወይም ግሪስ ብሎኑ ላይ ልቀባ ወይ? ይህ ጥያቄ ሁሌም ይነሳል፣ መልሱም ብዙ ሰው ከሚጠብቀው ይለያል። ዳዶ ሲያጠብቁ ከድካምዎ ከመቶው 90 ያህሉን ፍትጊያ ይበላዋል፤ ከፊሉ በጥርሶቹ መካከል፣ ከፊሉ ዳዶው በሚያርፍበት ፊት። ብሎኑን የሚለጥጠው የቀረው አሥር ያህል ብቻ ነው። ዘይት ሲገባ ፍትጊያው ይቀንስና የብሎኑ ድርሻ በእጅጉ ይጨምራል፤ በመፍቻው ላይ የሚነበበው ግን ያው 103 ነው። ስለዚህ ቶዮታው ላይ ጥርሱ ንጹሕና ደረቅ ይሁን። ግሪሱን ቸርኬው መሀል ካለው ትልቅ ቀዳዳ ጋር በሚገናኘው የሞዞ ከንፈር ላይ በስሱ ቢቀቡት፣ ቸርኬው በዝገት እንዳይጣበቅ ይጠቅማል።

እስካሁን ስለ አቅጣጫ አልተናገርንም፤ ቪትዝ ላይ አያስቸግርምና። የአራቱም ጎማዎቿ ዳዶ በሰዓት አቅጣጫ ይጠብቃል፣ በተቃራኒው ይፈታል፤ ይህን ቀኝ ጥርስ እንለዋለን። አሁን ወደ አይሱዙ ኤን.ፒ.አር. የጭነት መኪና ይሂዱ፣ በተለይ ወደ ቀደምቶቹ። በሹፌሩ በኩል፣ ማለትም በግራ ያሉት ዳዶዎች በተቃራኒው ይዞራሉ፤ ለመፍታት ወደ ሰዓት አቅጣጫ መግፋት ይኖርብዎታል። ይህ ግራ ጥርስ ነው። በብሎኑ ጫፍ ወይም በዳዶው ላይ ለግራና ለቀኝ የሚቆሙ የላቲን ፊደላት ተቀርጸው ይገኛሉ። ይህን የማያውቅ ሰው ሊፈታ ብሎ እያጠበቀ፣ ዳዶው እንቢ ሲለው ቱቦ ጨምሮ እጀታውን እያስረዘመ፣ ብሎኑን ቆርጦ ያርፋል። የብስክሌት ፔዳልም እንዲሁ ነው፤ የግራው ፔዳል ግራ ጥርስ አለው።

ለምን? ይህን በደንብ የሚያስረዳን ዛሬ መንገዳችን ላይ እምብዛም የማይታይ ሌላ አሠራር ነው፤ በአንድ ዳዶ ብቻ የሚያዝ ጎማ። በድሮዎቹ ኤም.ጂ.ና ጃጓር ስፖርት መኪኖች፣ ካሮል ሼልቢ እ.ኤ.አ. በ1962 የእንግሊዙን ኤሲ መኪና ከፎርድ ሞተር ጋር አጣምሮ በሠራው ኮብራና ዛሬም በየአገሩ በሚገጣጠሙት የኮብራ ቅጂዎች ላይ፣ ጎማው መሀል ላይ ክንፍ ያለው ትልቅ ዳዶ ይታያል። በመፍቻ ሳይሆን ክንፉን በመዶሻ በመምታት ይፈታል። ሐሳቡ የተስፋፋው የኮቨንትሪው ብስክሌት ሠሪ ኩባንያ የራጅ ዊትወርዝ ባልደረባ ጆን ፒው እ.ኤ.አ. ከ1908 ጀምሮ ባስመዘገበው ንድፍ ነው። በውድድር ላይ አራት አምስት ዳዶ መፍታት ጊዜ ይበላል፤ አንዱ ግን በጥቂት ምት ይወጣል።

አንድ ዳዶ ብቻ ካለ የአቅጣጫው ጥያቄ የሞት የሽረት ይሆናል። ነገሩን ለማየት ቤትዎ ውስጥ ሰፊ አምባር በመጥረጊያ እንጨት ላይ ያንጠልጥሉና እንጨቱን በእጅዎ ያዙሩት። እንጨቱ አንድ ሙሉ ዙር ሲጨርስ አምባሩ ገና አልጨረሰም፤ ዙሪያው ስለሚበልጥ ወደኋላ ይቀራል። በእንጨቱ ላይ ቆሞ ለሚያይ፣ አምባሩ ቀስ እያለ ወደኋላ የሚዞር ይመስለዋል። ቸርኬያቸው በቀጫጭን ሽቦዎች በተሠራ በእነዚህ ጎማዎች ላይ ዳዶው እንደ አምባሩ ነው፤ ውስጡ ሾጣጣ ሆኖ ተቦርቡሮ የቸርኬውን የሾለ አፍ ከውጭ ያቅፋል። የመኪናው ክብደት ሁልጊዜ ወደ ታች ስለሚጫን፣ በመካከላቸው ያለችው እጅግ ጠባብ ክፍተት በእያንዳንዱ ዙር ዳዶውን በጥቂቱ ወደኋላ ታስቀረዋለች። የግራውን ጎማ ከውጭ ሆነው ሲያዩት ወደፊት ሲሄድ ከሰዓት በተቃራኒ ይዞራል፤ ወደኋላ መቅረት ማለት በሰዓት አቅጣጫ መዞር ነው። ስለዚህ እንግሊዞቹ በግራ በኩል ቀኝ ጥርስ፣ በቀኝ በኩል ግራ ጥርስ አደረጉ። መኪናው በሄደ ቁጥር ዳዶው ወደ መጥበቅ ያዘነብላል።

አይሱዙው ታዲያ ለምን ተገላበጠ? እዚያ ዳዶው ውስጥ ነው፣ ቸርኬው ውጭ። የዳዶው ክብ አፍ በቸርኬው ቀዳዳ ውስጥ ይቀመጣል፤ ውስጥ ያለ ትንሽ ክብ በሰፊው ክብ ላይ ሲንከባለል ወደፊት ይቀድማል። በግራ ጎማ ወደፊት ማለት ከሰዓት በተቃራኒ ነው፤ ስለዚህ እዚያ የሚጠብቀው ግራ ጥርስ ነው። የብስክሌቱም ፔዳል ዘንግ ውስጥ በመሆኑ ከአይሱዙው ጋር ይስማማል። አዳዲሶቹ የጭነት መኪኖች በሁለቱም በኩል ቀኝ ጥርስ የሚጠቀሙት፣ የዳዶው ሥር በሰፊ ሮንዴላ ስለሚያርፍና ብሎኑ በበቂ ከተለጠጠ መንከባለል የሚባለው ነገር ራሱ ስለማይኖር ነው። ቪትዝዎም ሰላም የሆነችው ብሎኖቿ በበቂ ስለሚለጠጡ ነው።

እንዲህ ያለ የክንፍ ዳዶ ያለው መኪና፣ ኦሪጅናል ይሁን ቅጂ፣ በእጅዎ ከገባ ከመዶሻው በፊት ዓይንዎን ይጠቀሙ። ዳዶው ላይ ፍላጻና ለመፍታት የሚያመለክት የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ተቀርጾ ይገኛል፤ ፍላጻውን ይመኑ። በአንዳንድ ቅጂዎችና በድፍን ቸርኬዎች ላይ የዳዶው ሾጣጣ ወደ ቸርኬው ውስጥ የሚገባበት አሠራርም አለ፤ ያን ጊዜ የአምባሩ ሕግ ይገለበጣልና ዳዶውን የሚቆልፍ ሽቦ ወይም ፒን ካለ በፍጹም አይተዉት። መዶሻው የመዳብ፣ የእርሳስ ወይም የቆዳ ይሁን። የብረት መዶሻ ክንፉን ይሰባብራል። ክንፉ ከሌለ ደግሞ ትልቅ መፍቻ ይኖረዋል፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1968 ወጣ ያለ ክንፍ እግረኛ ይጎዳል ብላ በመከልከሏ ብዙ አምራቾች ወደ ስምንት ማዕዘን ዳዶ ተሸጋግረዋል።

የመጀመሪያውን ምት ጎማው መሬት ላይ እያለ ይምቱ፤ ከዚያ በክሪክ ያንሱ። ዳዶው ሲወጣ ሞዞው ላይ ዙሪያውን የተደረደሩ ቁመታም ጥርሶች ያያሉ፤ የሞተሩንና የፍሬኑን ኃይል ወደ ቸርኬው የሚያስተላልፉት እነዚህ ናቸው። አናታቸው ጠፍጣፋ መሆን አለበት። እንደ መጋዝ ከሾሉ አልቀዋል ማለት ነው፤ መኪናው ከኋላ ማርሽ ወደ ፊት ሲቀየር ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰሙም ምልክቱ ያው ነው። ጥርሶቹን፣ የሞዞውን ሾጣጣና የዳዶውን ጥርስ በናፍጣ አጥበው፣ አድርቀው፣ በስሱ ግሪስ ይቀቧቸው። ቶዮታው ላይ የከለከልኩት ግሪስ እዚህ ግዴታ ነው፤ ትልቁ ዳዶ ያለ ቅባት ከሞዞው ጋር ይጣበቃል፣ ቁመታሞቹ ጥርሶችም እርስ በርስ ተፋጭተው ይበላሉ። ዳዶው እንዲለጥጥ የታሰበውም ቀጭን ብሎን ሳይሆን ወፍራም የሞዞ ጫፍ በመሆኑ፣ ትንሽ ተጨማሪ ኃይል አያስፈራውም።

ሲመልሱት ጎማው ገና አየር ላይ እያለ፣ ሾጣጣዎቹ መሀል ለመሀል እስኪገናኙ ድረስ ዳዶውን በእጅ ያዙሩ፤ ከዚያ ፍሬኑን ሌላ ሰው ይዞልዎት ይምቱ። ጆሮዎን ይስጡ፤ ዳዶው እየሄደ ሳለ ምቱ የታፈነ ድምፅ አለው፤ ሲቀመጥ ድምፁ ጠርቶ እንደ ብረት ይጮኻል። አምራቹ ያወጣው የማጥበቂያ መጠን ካለ ግን ከጆሮ በፊት እሱን ይከተሉ። ጥቂት ኪሎሜትር ሄደው ይመለሱና እንደገና ይምቱት። የግራና የቀኝ ዳዶዎችን ካወጡም ቀላቅለው አንድ ሣጥን ውስጥ አይጣሉ፤ በቀለም አንድ ጭረት ለግራ፣ ሁለት ጭረት ለቀኝ ያድርጉባቸው።